ቀሚሱና መንገዱ

ሰው ለመንገድ ሲነሣ የሚለብሰው ልብስ ስለ መንገዱ ብዙ ይናገራል። በረሃ የሚያቋርጥ ነጋዴ ወገቡን ጠበቅ አድርጎ ይታጠቃል። ወንዝ የሚሻገር ሰው ሱሪውን ይሰበስባል። ለቡና ወደ ጎረቤት የተጠራች ሴት ግን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች። ሁለቱ መንገዱን ይጠነቀቁታል፤ ሦስተኛዋ ታምነዋለች። እንግዲህ አለባበስ ከጌጥነቱ ባሻገር፣ በሰውና በመንገዱ መካከል ያለውን መተማመን የሚመሰክር ምልክት ነው ማለት ይቻላል።

በአምስተርዳም ወይም በኮፐንሀገን ጎዳና ዳር በማለዳ የቆመ ሰው ይህን እውነት በግልጽ ያያል። ኮት የደረበች የቢሮ ሠራተኛ፣ ቀሚስ የለበሰች ተማሪ፣ ሽበቷ በነፋስ የሚበተን አሮጊት፣ ሕፃን ልጇን ከፊቷ ያስቀመጠች እናት፣ በብስክሌታቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሳይቻኮሉ ወደየጉዳያቸው ይጓዛሉ። ከመካከላቸው የስፖርት ልብስ የለበሰ ጥቂት ነው። ከብስክሌታቸው ሲወርዱ የሚለውጡት ልብስ የለም፤ ከቤታቸው እንደ ወጡ ከሥራ ቦታቸው ይገባሉ። ይህ ለእንግዳ ሰው የውበት ትዕይንት ሲሆን ለነዋሪው ግን የዘወትር ነገር ነው። ቁም ነገሩም የዘወትር ነገር መሆኑ ላይ ነው። ይሁንና እዚህ የተደረሰው በአንድ ጀምበር አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ክርክር አልፎበታል። የክርክሩም ፍሬ ነገር በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል፦ ሴቲቱ በመንገዱ ልክ ትሰፋ፣ ወይስ መንገዱ በሴቲቱ ልክ ይሰፋ?

በመጀመሪያ ነገር ብስክሌቱ ራሱ ለሴት ታስቦ የተሠራ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ጀርመናዊው ካርል ድራይስ በእግር እየተገፋ የሚሄድ ባለሁለት መንኰራኵር የእንጨት መሣሪያ ሠራ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ1860ዎቹ በፈረንሳይ አገር ፔዳል የተገጠመለት ብስክሌት ታየ። በ1870ዎቹ ደግሞ የፊት ጎማው ከሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላው ግን ትንሽ የሆነ ብስክሌት በእንግሊዝ አገር ተስፋፋ። በዚያ ከፍታ ላይ ወጥቶ መንዳት ለጎልማሳ ወንድ እንኳ አንገት የሚያሰብር አደጋ ነበረበት። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ ለለበሰችና ወገቧ በኮርሴት ለተጠፈረ ሴት ደግሞ የማይሞከር ያህል ነበር። አቅም ያላቸው ሴቶች ባለሦስት እግሩን መረጡ፤ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያም በ1881 ባለሦስት እግር ብስክሌት አዝዘው አስመጥተዋል።

በ1885 የኮቨንትሪው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱ ጎማዎቹ ተቀራራቢ የሆኑ፣ የኋላው ጎማ በካቴና የሚዞር፣ «ሮቨር» የተባለውን ብስክሌት አወጣ። በ1888 ደግሞ በቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ አየር የሚሞላ ጎማ አስመዘገበ። ብስክሌቱ ዝቅ አለ፤ ጉዞውም ለሰለሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው ማሻሻያ ግን በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ቦታ አይሰጠውም። ኮርቻውንና መሪውን የሚያገናኘው አግዳሚ ብረት ወደ ታች ታጥፎ ቀሚስ የለበሰች ሴት እግሯን ሳታነሣ እንድትገባ ተደረገ። ካቴናው በሽፋን ተከደነ። ከኋላ ጎማው ላይ፣ ከፓራፋንጎው ጫፍ እስከ መካከሉ ድረስ በተወጠሩ ክሮች መረብ ተሠርቶ የቀሚሱ ጫፍ ከሽቦዎቹ መካከል እንዳይገባ ተከለከለ።

ይህ የክር መረብ ሲያዩት ኢምንት ነው። ነገር ግን ከበስተጀርባው አንድ ትልቅ ሐሳብ አለ። መረቡን ያሰበው የእጅ ባለሙያ «ለምን ቀሚስ ለበሰች?» ብሎ አልጠየቀም። «ቀሚሷ የሚያዘው የት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሴቲቱን ጥፋተኛ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ግን ዕቃውን ያርማል። ስለ ሴትና ስለ ከተማ ኋላ የተነሡት ክርክሮች ሁሉ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ሲመላለሱ ኖረዋል።

ብዙዎች የመጀመሪያውን መንገድ ተከትለው ልብሱን መለወጥ ጀመሩ። አሜሪካዊቷ አሚሊያ ብሉመር በ1851 ከአጭር ቀሚስ ሥር የሚለበሰውን ሰፊ ሱሪ በጋዜጣዋ ስታስተዋውቅ ልብሱ በስሟ ተጠራ፤ እርሷ ግን የፌዝ መነሻ ሆነች። በ1881 በለንደን የአለባበስ ማሻሻያ ማኅበር ተቋቋመ። ብስክሌት በ1890ዎቹ ሲስፋፋ የተረሳው ሰፊ ሱሪ ተመልሶ መጣ። የለንደኗ ልብስ ሰፊ አሊስ ባይግሬቭ በ1895 ያስመዘገበችው ቀሚስ ደግሞ ከስፌቱ ውስጥ የተደበቀ ገመድ ነበረው። ሴቲቱ ከብስክሌቱ ላይ ስትወጣ ገመዱን ትስባለች፣ ቀሚሱም ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ስትወርድ ትለቀዋለች፣ ቀሚሱም መሬት ለመሬት ይዘረጋል። በአንድ ልብስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ተሰፍተው ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዲቱ ለመሄድ፣ ሌላዋ ለመታየት። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ብልሃት ያስፈለገበት ምክንያት ግን የሚያሳዝን ነው።

አኒ ሎንደንደሪ በሚል ስም የታወቀችው የሦስት ልጆች እናት በ1894 ከቦስተን ተነሥታ ዓለምን ለመዞር ስትወጣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ 19 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የሴት ብስክሌት ይዛ ነበር። ሺካጎ ስትደርስ ብስክሌቱን ግማሽ ያህል በሚቀል የወንድ ብስክሌት፣ ቀሚሷንም በሰፊ ሱሪ ለወጠች። በ1895 ተመለሰች። ስሟ እንኳ የራሷ አልነበረም፤ ለጉዞዋ ገንዘብ የከፈለው የምንጭ ውኃ ድርጅት ስም ነበር። ነጻነት ፍለጋ የወጣችው ሴት ራሷ ተንቀሳቃሽ ማስታወቂያ መሆኗ በዚያን ዘመን ለሴት የተከፈተው በር ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበረ ያሳያል።

የተለወጠው ልብስ ያስነሣው ቁጣ ደግሞ ከልብሱ እጅግ የገዘፈ ነበር። በፓሪስ ከተማ በ1800 የወጣ የፖሊስ ደንብ ሴት ያለ ፈቃድ ሱሪ እንዳትለብስ ይከለክል ነበር። በ1892 እና በ1909 በወጡ መመሪያዎች ክልከላው ላላ፤ ይኸውም ሴቲቱ የብስክሌት መሪ ወይም የፈረስ ልጓም በእጇ ከያዘች ሱሪ እንድትለብስ ተፈቀደ። ብስክሌቷን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሁለት እርምጃ ብትራመድ እንግዲህ ደንብ ተላላፊ ሆነች ማለት ነው። ይህ ደንብ ሕጋዊ ዋጋ የሌለው መሆኑ በይፋ የተገለጸው በ2013 ነው። በእንግሊዝ አገር የአለባበስ ማሻሻያው መሪ የነበሩት ሌዲ ሃርበርተን በ1898 በሰፊ ሱሪ ብስክሌት ነድተው ወደ አንድ የገጠር ማረፊያ ቤት ሲገቡ ወደ እንግዳ ክፍሉ አትገቡም ተባሉ። ጉዳዩ በ1899 ፍርድ ቤት ቀርቦ ማረፊያ ቤቱ ረታ። በ1897 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ አይሰጥ የሚል ድምፅ ሲሰጥ፣ ተቃዋሚ ወንድ ተማሪዎች በብስክሌት ላይ የተቀመጠች የሴት አሻንጉሊት ከአደባባዩ በላይ ሰቀሉ። ሐሳቡም ወደቀ፤ ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው።

ለመሆኑ ዲግሪን ከብስክሌት ጋር ምን አገናኘው? ተማሪዎቹ ሳያስቡት እውነቱን ተናግረዋል። የፈሩት ሱሪውን ወይም ጎማውን አልነበረም። የፈሩት ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ሠረገላ አሳፍረኝ ሳትል፣ በራሷ ጉልበት ወደምትፈልገው ቦታ ሄዳ በፈለገችው ሰዓት የምትመለሰውን ሴት ነው። አሜሪካዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ሱዛን አንተኒ በ1896 ለጋዜጣ በሰጠችው ቃል፣ ሴቶችን ነጻ በማውጣት ረገድ ከብስክሌት የበለጠ ሥራ የሠራ ነገር እንደሌለ መናገሯ ከዚሁ የተነሣ ነው። ፍራንሲስ ዊላርድም በ53 ዓመቷ ብስክሌት መንዳት ተምራ በ1895 ስለ ትምህርቷ መጽሐፍ አሳተመች። አንዳንድ ሐኪሞች በአንጻሩ ብስክሌት የሴትን ፊት ያበላሻል እያሉ ያስፈራሩ ነበር።

ኪነ ጥበብም ከዚህ ክርክር አልራቀም። የዚያን ዘመን የፓሪስ የማስታወቂያ ሥዕሎች በሴትና በብስክሌት የተሞሉ ናቸው። የቼኩ ሠዓሊ አልፎንስ ሙሻ በ1902 ገደማ «ፔርፌክታ» ለተባለ ብስክሌት የሠራው ሥዕል የታወቀ ነው። ጸጉሯ እንደ ወንዝ የሚፈስ ወጣት ሴት በመሪው ላይ ዘንበል ብላ ትታያለች። የመስመሩ ልስላሴና የቀለሙ ስምምነት ዓይንን ይማርካል። ነገር ግን ብስክሌቱ ራሱ እምብዛም አይታይም፤ ሴቲቱም ከየት ተነሥታ ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። መንገድ የላትም። ውበቷ ለሌላው ዓይን የቀረበ ነው እንጂ ለራሷ ጉዞ የሚያገለግል አይደለም። እዚህ ላይ ነው ስለ ውበት ሲነገር ልዩነት ማድረግ የሚያስፈልገው። ገበያ የሚጠቀምበት የሴት ውበት አለ፤ ሴቲቱ ራሷ ይዛው የምትሄድ ውበትም አለ። ሁለቱ በሥዕል ላይ ሊመሳሰሉ ቢችሉም በኑሮ ላይ አይገናኙም።

የክርክሩ ሁለተኛ ክፍል የተከፈተው ልብስም ብስክሌትም ከተሻሻሉ በኋላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የአውሮፓ ከተሞች መንገዳቸውን ለመኪና አስረከቡ። ኔዘርላንድም እንደ ሌላው አገር ብስክሌትን ወደ መርሳት አዘንብላ ነበር። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ፤ በ1971 ብቻ 3,300 ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞቱ፤ ከእነዚህም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል መፈክር አንግበው ወደ ጎዳና ወጡ። በ1973 መጨረሻ የነዳጅ እጥረት በደረሰ ጊዜ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም ጎዳናው ያለ መኪና ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከተሞች ከመኪና የተለየ የብስክሌት መንገድ መሥራት ያዙ። በዴንማርክም ከመኪናው መንገድ ከፍ፣ ከእግረኛው ዝቅ ያለ፣ በጠርዝ ድንጋይ የተለየ የብስክሌት መንገድ የከተማው መደበኛ ክፍል ሆነ።

ውጤቱን ለማየት ከሴቶቹ በላይ ምስክር አያስፈልግም። በኔዘርላንድ በብስክሌት ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚጓዙት ሴቶች ናቸው። የተለየ የብስክሌት መንገድ እምብዛም በሌለባቸው አገሮች ግን፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ የሴቶች ድርሻ ወደ አንድ አራተኛ ዝቅ ይላል። የአሜሪካ ሴት ከኔዘርላንዷ ይልቅ ፈሪ ሆና ተፈጥራ አይደለም። መንገዱ ደፋርን ብቻ ሲያሳልፍ፣ የሚያልፉት በአብዛኛው ወጣት ወንዶች፣ እነርሱም እንደ ተዋጊ ታጥቀው ይሆናል። ሴት ደግሞ ጉዞዋ ብዙ ጊዜ ቀጥተኛ አይደለም። ልጅ ከትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ከዚያ ሥራ ትገባለች፤ ስትመለስ ገበያ ጎራ ብላ አስቤዛ ትይዛለች፤ የታመመ ዘመድም ትጠይቃለች። ለእንዲህ ያለው ጉዞ የሩጫ ብስክሌት አይረባም። ኔዘርላንዶች «የሴት አያት ብስክሌት» የሚሉት፣ አግዳሚ ብረቱ ዝቅ ያለ፣ ካቴናው የተከደነ፣ ዘንቢል፣ መብራትና ደወል ያለው ከባድ ብስክሌት ለዚህ የተበጀ ነው። ያ የድሮው የክር መረብ በተለያየ መልክ እስከ ዛሬ ከኋላ ጎማው ላይ ይገኛል።

በ2006 የኮፐንሀገን ነዋሪ የሆነው ሚካኤል ኮልቪል አንደርሰን ቀሚስ ለብሳና ቡትስ ጫማ ተጫምታ በብስክሌቷ ላይ ሆና የትራፊክ መብራት የምትጠብቅ ሴት ፎቶግራፍ አነሣ። ምስሉ ከአገር አገር ተዛመተ፤ በዘወትር ልብስ አምሮ ብስክሌት መንዳት የሚለው አስተሳሰብም በብዙ ከተሞች ተከታይ አገኘ። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ተሰንዝሯል። አንዳንዶች፣ ካሜራው የሚመርጠው ወጣቷን፣ ቀጭኗንና ገንዘብ ያላትን ነው፤ ይህም የሙሻ ሥዕል በሌላ መልክ መመለሱ ነው ብለው ነቅፈዋል። ነቀፋው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሌሎች ደግሞ ብስክሌት የስፖርተኛና የጀግና ዕቃ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ሰብሮ ለተራው ሰው እንዳስረከበ ይመሰክራሉ። ይህም እውነት ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ከምስሉ ዳር የቀረውን ማየት ነው። ሴቲቱ ያለ ስጋት የቆመችው ጫማዋ ስላማረ አይደለም፤ ከግራዋ የሚያልፈው መኪና በጠርዝ ድንጋይ ስለተለየ ነው። ድንጋዩ ከሌለ ምስሉ የለም።

መንገድ ማለት ደግሞ ድንጋይና አስፋልት ብቻ አይደለም፤ የሰው ዓይንም መንገድ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያዋ የፊልም አዘጋጅ ሃይፋ አል መንሱር በ2012 ያወጣችው «ወጅዳ» የተባለው ፊልም ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። የታሪኩ ባለቤት አንዲት የሪያድ ልጅ አረንጓዴ ብስክሌት ገዝታ ከጎረቤቷ ልጅ ጋር መሽቀዳደም ትመኛለች። አስፋልቱ አለ፣ ብስክሌቱም በሱቅ መስኮት ቆሟል፤ በመካከል ያለው ግን የእናት ሥጋት፣ የመምህርት ቁጣና የጎረቤት ወሬ ነው። አዘጋጇ ራሷ በጎዳና ላይ ከወንዶች ጋር ቆማ መሥራት ስላልቻለች አንዳንዱን ክፍል ከመኪና ውስጥ ተደብቃ በሬዲዮ እየመራች አስቀርጻለች። በዚያች አገር ሴቶች በመናፈሻ ቦታዎች፣ ያውም ተሸፋፍነውና ከወንድ ዘመድ ጋር ሆነው፣ ብስክሌት እንዲነዱ የተፈቀደው በ2013 ነው።

ይህን ሲያነብብ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን የራሱን ምሳሌ ያስታውስ። ምሳሌው ስለ ሥራ ክፍፍል ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን የመንገድ ክፍፍል ነው። አንዱ ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ ይመራል። በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በብስክሌት ላይ ብትታይ ከሚኒባሱ መስኮት፣ ከባጃጁ ውስጥና ከመንገዱ ዳር የሚወረወረው ቃል ሁልጊዜ ምርቃት አይሆንም። ለዚህም ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሰበብ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ያለው ቁልቁለትና አቀበት ቀላል አለመሆኑ እርግጥ ነው። ከፍታው ግን ብቻውን አያግድም፤ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በአሥመራ፣ ቀሚስ ለብሰው ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው በብስክሌት ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ብርቅ አይደሉም። ከጣና ዳር ያለችው፣ ሜዳማዋና በዘንባባ የተዋበችው ባሕር ዳርም በብስክሌቷ የታወቀች ከተማ ናት። ለአቀበቱም ቢሆን ዛሬ በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት መፍትሔ አምጥቷል።

በአዲስ አበባ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መጠሪያ ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነጻ ሆነው ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፍተዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ በተወሰኑ ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ይህ መልካም ጅምር ነው። ጅምሩ የሚለካው ግን በምረቃው ቀን በሚሰለፉት፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ በለበሱት ወጣቶች ቁጥር አይደለም። በተራ ማክሰኞ ጠዋት ማን እንደሚያልፍበት መታየት አለበት። መንገዱ ተቋርጦ መስቀለኛው ላይ ጭንቅ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የቆመ መኪና ከዘጋው፣ ማታ መብራት ከሌለው፣ ቀሚስ የለበሰችዋ መምህርት አትመጣም። እርሷ ካልመጣች መንገዱ ገና አላለቀም።

የእጅ ባለሙያውና የኪነ ጥበብ ሰውም በዚህ ረገድ የሚጠብቃቸው ሥራ አለ። የአገር ባህል ቀሚስና ነጠላ የመንኰራኵር ጠላት ናቸው ተብሎ የሚታሰበው፣ ዘርፋቸው በሽቦው እንዳይጠመጠም ተብሎ ነው። ግን ያን ስም የለሽ የክር መረብ ለመሥራት ከአገሪቱ ሸማኔ የተሻለ ክር የሚያውቅ ከወዴት ይገኛል? የጥለቱን ጥበብ ከጎማው ላይ ወጥሮ፣ ቀሚሱን ጠብቆ ብስክሌቱንም ማስዋብ ለሸማኔና ለብረት ሠሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ሠዓሊና ፎቶግራፍ አንሺም ሴቲቱን ሲያሳዩ የምትሄድበትን ቦታ አብረው ያሳዩ፤ ዘንቢሏን፣ ደብተሯን፣ የደረሰችበትን በር። መምህርም የሴት ተማሪዋን መዘግየት ከመቁጠሩ በፊት የምትመጣበትን መንገድ ይቁጠር።

ውበት ለድሀ አገር ቅንጦት ነው የሚል አስተሳሰብ አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። የዘወትር ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀና ብላ ብስክሌቷን የምትነዳ ሴት ግን ለዚህ አስተሳሰብ በቂ መልስ ናት። ውበቷ የተጨመረባት ሳይሆን ያልተነጠቀባት ነው። ልብሷን እንድትለውጥ፣ አንገቷን እንድትደፋ፣ እንደ ወንድ እንድትታጠቅ ያላስገደዳት ከተማ ለእርሷ ብቻ ሳይሆን ለሕፃኑም፣ ለሽማግሌውም፣ ለእግረኛውም የተመቸ ከተማ ነው። ስለዚህ የከተማን ዕድገት ለመመርመር የሚወጣ ሰው የሕንፃዎቹን ፎቅ ቆጥሮ ሲጨርስ፣ ጥቂት ቆም ብሎ የሚያልፉትን ሴቶች ቀሚስ ቢመለከት የጎደለውን መልስ ያገኛል።